በፌጦ የታጠረው አፓርትመንት

የፈራች እናት ከመንግሥት ትበልጣለች! መንግሥት አንድን ሰው አትሄድም ብሎ ለመከልከል ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል፣ ፖሊስ ያስፈልገዋል፣ ማኅተም ያስፈልገዋል። እናት ግን ደረቷን ይዛ ሶፋው ላይ ጋደም ካለች በቃ... ድንበሩ ተዘጋ። «የፈሪ እናት አታለቅስም» ይባላል። ፈሪዋ እናትየዋ ራሷ ስትሆንስ? ይህን የተረተው ሰውዬ አልነገረንም። እኔ ልንገራችሁ፤ በቀን ሦስቴ ታለቅሳለች፣ ከምግብ በኋላ፣ እንደ ኪኒን።

እኔን የምታውቁኝ ፍርሃቴን ታውቃላችሁ። ሊፍት እፈራለሁ። ሃይዌይ እፈራለሁ፤ ከሰፈሬ ከኒው ሆፕ ሱቆቹ ያሉበት ፍሮግታውን ለመድረስ በውስጥ ለውስጥ ስሽሎከሎክ፣ አብረውኝ የተነሡት ሰዎች አስቤዛቸውን ጨርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን። ከሁሉ በላይ ግን እባብ! «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ። እሱስ ቢያንስ እባብ አይቷል። እኔ የበረየሁት ካርታ አይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሃያት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። (እኔ አራተኛ ድረስ ተምሬያለሁ፤ በቁጥር ከሄድን እበልጣታለሁ።) እዚያ ካረን ከምትባል ተመራማሪ ጋር ትሠራለች። የካረን ሥራ የትኛው አውሬ፣ የትኛው ሣር የት መኖር እንደሚችል ማወቅ ነው። እስቲ አስቡት! እኛ አፓርትመንት ስንፈልግ ወገባችን ይቆረጣል፤ ለእባብ ዶክተር ተቀጥሮለት ቤት ይፈለግለታል!

ሚያዝያ ላይ ሃያት እየዘለለች ገባች።

«እማ፣ ሰመር ጆብ አገኘሁ!»

«አልሐምዱሊላህ! የት? ሞል ውስጥ?»

«ኖ፣ ወንዝ ዳር። ገደሉ ላይ። ከካረን ጋር እባብ ልንፈልግ ነው።»

ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ።

«እማ፣ ስሚኝ በናትሽ። እባቡ የታየባቸውን ቦታዎች ለኮምፒውተሩ እንነግረዋለን። ኮምፒውተሩ የቦታውን ሙቀት፣ ዝናቡን፣ ድንጋዩን ያይና እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ የት እንዳለ ፈልጎ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ሰው ሄዶ እውነት መሆኑን ያያል።»

«ሰው ማለት ማን?»

«እኔ።»

ደረቴን ያዝኩ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ቀለም የቀባውን ካርታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ትታው ትምህርቷን ሄደች። እኔ ደግሞ ለብቻዬ መፍራት አልወድም፤ ጎረቤቴን እማማ ለተን ጠራኋቸው። እማማ ለተ ጡረታ የወጡ የአስመራ ሴት ናቸው፤ አማርኛን ተማሪ ቤት በአለንጋ ስለተማሩት ከኔ አሳምረው ይጽፋሉ። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ወደ ታች ወንዙ ጠርዝ ላይ ቀይ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ። ወደ ላይ ሲመጣ ይሳሳል። የኛን ሰፈር በጣታቸው ፈልገው አገኙት።

«ዘሀራ... ኒው ሆፕ ሮዝ ነው።»

«ሮዝ ምን ማለት ነው?»

ትንሽ አሰቡና «ሴቷ እባብ ትሆናለች» አሉኝ።

አትሳቁብኝ! በዚያች ሰዓት እናንተም ታምኑ ነበር። ሴቷ ማለት እንቁላል ማለት ነው፤ እንቁላል ማለት ደግሞ... ተዉኝ!

እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ እባብ የፌጦና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አይወድም ትል ነበር። ከደሴ በሰው ሻንጣ የመጣ አንድ ፌስታል ፌጦ ነበረኝ። መውቀጥ ይገባኝ ነበር፤ ግን ሙቀጫ ባነሣሁ ቁጥር ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ። እንዳለ፣ ሳይወቀጥ፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሕንፃውን ዙሪያውን በተንኩት። እማማ ለተ ከኋላዬ እየተከተሉ «እዚህ ጋ ሳሳ፣ ጨምሪበት!» ይሉኛል። መግቢያው በር ላይ ሦስት እፍኝ!

ያን ሳምንት ጥሩ ተኛሁ። ልጄን ግን «አትሄጂም» አልኩ፤ ፌጦዬ እስከ ገደሉ አይደርስማ! ሃያት አኮረፈች። መጨረሻ ላይ «ካረን ራሷ መጥታ ታናግርሽ» አለች። ቅዳሜ ልትመጣ ተቀጠረ። ሳምቡሳ ጠበስኩ፤ እምቢታ በባዶ ሆድ አይነገርም።

ቅዳሜ በመስኮት ሳይ ካረን ግድግዳው ሥር ተንበርክካለች።

«ሃያት! ሴትዮዋ ወደቀች!»

«አልወደቀችም እማ... ቅጠል እያየች ነው።»

ለካስ ዝናብ ዘንቦ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ፌጦዬ በቅሏል! እኔ ወደ ሥራ ስወጣ የማየው እግሬ ሥር እባብ መኖሩን እንጂ ሣሩን ማን ያያል? ሕንፃውን እንደ ጥምጥም ዞሮታል፤ አረንጓዴ፣ ለምለም፣ መግቢያው በር ላይ ጫካ!

ወርደን ደረስን። ካረን አንዷን ቅጠል ቀምሳ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታለች። ሃያት አስተረጎመች።

«ይህን ተክል እዚህ ሰፈር አላውቀውም ትላለች። ደግሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጥግ ላይ የሚታጠፍ ተክል በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። እንዴት እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

አሁን ሻንጣው ትዝ አለኝ። ኤርፖርት። «ዘር ይዛችኋል?» የሚለው ወረቀት። እጄ በካቴና ታየኝ!

«ነፋስ ነው በያት።»

«እማ!»

«እሺ፣ ወፍ በያት።»

«እማ፣ ወፍ በፓርኪንጉ ጥግ ታጥፋ ትዘራለች?»

ካረን እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ሁልጊዜ ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል እንዲህ አለችኝ።

«ካርታው ላይ አንድ የውሸት ነጥብ ከገባ ኮምፒውተሩ ያምነዋል። እያወቅሁ ካስጻፍኳት ነገ ከገደሉ የማመጣላትን ማን ያምነኛል? ወፍ ነው ካልሽ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ሥራውን ራሴ እተወዋለሁ።»

ያ ረቢ! ስንት ቀን ያለቀስኩበት ነገር በአንዲት ወፍ ሊያልቅ! ልጄ ገደል አትወጣም፣ እኔ ካቴና አልገባም፣ ወፏም አትከሰስም። አፌን ከፈትኩ... የልጄን ፊት አየሁ። ይህቺ ልጅ በልጅነቷ ዕቃ ሰብራ «እኔ ነኝ» የምትል ነበረች። ማን እንዳስተማራት ታውቃላችሁ? እኔው! በጥፊ!

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በደሴ ፌጦ። ካርታሽን አይቼ ነው በያት። ሴቷን እባብ ፈርቼ።»

ሃያት ነገረቻት። ካረን ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋን ጠርጋ ደብተሯን አሳየችኝ። አንድ መስመር አለ፤ «እንዴት መጣ?» የሚል። ውኃ፣ ነፋስ፣ ወፍ፣ መኪና ተጽፎበታል።

«ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የት መኖር እንደሚችል ነው» አለች በልጄ አፍ። «ቀለሙ እባቡ እዚያ አለ ማለት አይደለም፤ ቢመጣ ሊስማማው ይችላል ማለት ነው። ማን ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። አንቺን አያውቅሽም።»

ገባኝ! ለካስ ኮምፒውተሩ እንደኛ አገር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ «ይህ ቤት ለሙሽራ ይሆናል» ይላል እንጂ ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች አይልም። እማማ ለተ ግን ከበሩ ሆነው «እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር!» አሉ። ምን ብለው እንደነበር አንባቢዎቼ ታስታውሳላችሁ።

«እባቡስ ልጄን ቢያገኛት?»

«የሰው ኮቴ ሲሰማ ድንጋይ ሥር ይደበቃል። ቀኑን ሙሉ ፈልገን አንድ ሳናይ የምንመለስበት ጊዜ ይበዛል። በጣም ፈሪ ነው።»

ወላሂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእባብ አዘንኩ። ሊፍትም ይፈራ ይሆናል።

ፌጦውን አራታችንም ተጎንብሰን ከሥሩ ነቀልነው። የሕንፃው ማናጀር ግቢ የምናጸዳ መስሎት አመሰገነን። ሳምቡሳው ተበላ፣ ፈቃዱ ተሰጠ። ቡትስ እስከ ጉልበት፣ ስልክ በየቀኑ፣ ድንጋይ ሥር እጅ መስደድ ሐራም። ካረንም ሁሉን በጸጋ ተቀበለች።

እና ልጄ ሄደች። እኔም አላለቀስኩም... ከምሳ በኋላ በስተቀር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሃያት ደወለች።

«እማ።»

«እባብ!»

«እባብ አላየንም። ፌጦ ነው። ድንኳናችን በር ላይ በቅሏል። የሱሪዬ እጥፋት ተተርትሮ... እማ፣ ውስጡ ምን አደረግሽ?»

ምን ላድርግ? ትንሽ ነው፤ ከፌስታሉ የተረፈ ሁለት እፍኝ። ስፌቴ ደካማ መሆኑን ከትዳሬ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።

«ካረን... እንዴት መጣ አለች?»

«አልጠየቀችም» አለች ልጄ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ነቀለችውና ደብተሯን አወጣች። ከውኃ፣ ከነፋስ፣ ከወፍ፣ ከመኪና ቀጥሎ በራሷ እጅ አንድ ቃል ጨመረች።»

«ምን ብላ?»

«እናት።»