የ«ደህና ነኝ» መቶኛ

በየከተማው፣ ወሬን ያለ ቁጥር የማይውጥ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ፤ ፈልጉት። «ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» ስትሉ «ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር?» የሚል፣ «የእነ እገሌ ልጅ ጨዋ ነው» ስትሉ «ስንት ጊዜ አይታችሁት?» ብሎ ምራቃችሁን የሚያስውጣችሁ ሰው ካገኛችሁ እሱ ነው። ፈጣሪ እነዚህን ሰዎች ለየከተማው ሲያድል ለዲላ የደረሳት ሲላስ ነው። ክቡር ተመራማሪ፣ የነርሶች መምህር፣ የመቶኛው ደጃዝማች ሲላስ!

የአፉ ማሟሻ «በመቶ ስንት?» ናት። ሁላችንም የምናመሽበት ሻይ ቤት ባለቤት የሆነችው መሰለች አንድ ቀን ተሳስታ «ደንበኛ ሁሉ ይወደኛል» አለች።

«በመቶ ስንት?» አላት።

«አንተን ሳይጨምር መቶ!»

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ «ሟቹ እጅግ ደግ ነበሩ» ሲባል አፉን ሊከፍት ሲል ጭኑን ቆንጥጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የሟቹ ቤተሰቦች ይህን ውለታዬን እስከ ዛሬ አያውቁም።

ወደ ገደብ ከተማ የሚሄዱት መኪኖች ረዳቶች «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያሉ ሲጮኹ እኔና እናንተ እንሰማለን፣ እንሳፈራለን፣ ተቀምጠን እንናደዳለን። ሲላስ ግን መዘገበ። በሃያ ሁለት ጉዞ ላይ ባደረገው ጥናት «አንድ ሰው» ማለት በአማካይ ስድስት ነጥብ አራት ሰው መሆኑን ደረሰበት። ደርሶበትም ዝም አላለም፤ ውጤቱን መናኸሪያ ሄዶ ለረዳቶቹ በይፋ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ስድስት ነጥብ አራት መጣ! ቦታ ልቀቁለት!» ይሉታል።

ይኼ ሁሉ ግን የትርፍ ጊዜ ሥራው ነው። ዋናው ሥራው መግል ነው።

ነገሩን እሱ እንዲህ ያስረዳል፦ ሰው ኦፕራሲዮን ሆኖ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ይላካል። ቁስሉ የሚያመረቅዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሐኪም አያየውም፤ ያላየውን ደግሞ የለም ይላል። ስለዚህ የታከመውን ሰው እስከ ሠላሳ ቀን መከታተል ግድ ነው። ሲላስም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መዝግቦ፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሠላሳኛው ቀን ለእያንዳንዱ ሲደውል ከረመ። «ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ቀን» ከማለቱ ብዛት የአባቱ ስም ተረስቶ «ሲላስ ሠላሳ» ሆኖ ቀረ።

ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚገባው መሰለች ሻይ ቤት መስኮቱ ሥር ብቻ በመሆኑ፣ የሳይንስ ሥራው በሙሉ የሚካሄደው እዚያ፣ ጠዋት ጠዋት ነበር። «ደህና ነዎት? ቁስሉስ? መግል አለው? እ? ቀለሙ ምን ይመስላል?» እያለ ሲጮህ ፉል ያዘዘ ሁሉ ማንኪያውን ያስቀምጣል። በመጨረሻ መሰለች በካርቶን ላይ «በምግብ ሰዓት ስለ መግል ማውራት ክልክል ነው» ብላ ጽፋ ሰቀለች። ሲላስ ማስታወቂያውን አንብቦ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «የምግብ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት ነው?» አላት።

ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ሀብተ ጊዮርጊስ በሲላስ መዝገብ ላይ ስም የለኝም፤ ሰማንያ ሰባተኛ የትርፍ አንጀት ነኝ።

ጥናቱ አለቀ፤ ማሳተሙ ጀመረ። የመጀመሪያው ጆርናል በሦስተኛው ቀን «አይመጥነንም» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ስምንት ወር ይዞ ከቆየ በኋላ አይመጥነንም አለ። በዚህ መሃል ከማያውቀው አገር «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር ዶክተር ሲላስ ሆይ» የሚል ደብዳቤ መጣለት፤ ስለ ዓሣ እርባታ እንዲጽፍ ይለምነዋል።

«ዓሣ ኦፕራሲዮን ይሆናል እንዴ?» አለች መሰለች።

በሦስተኛው ጊዜ ቁም ነገረኛ ጆርናል ተገኘና ጽሑፉን ለሁለት ገምጋሚዎች ሰጠው። አንደኛው በሁለት መስመር አመሰገነ። ሁለተኛው አራት ገጽ ጻፈ። የሁለተኛው ገምጋሚ ስሙ አይታወቅም፣ አገሩ አይታወቅም፤ ደንቡ እንዲህ ነው አሉ። እኛ ግን ከጎረቤቶቻችን ይልቅ አወቅነው። ጠዋት ሰላምታ ሳንለዋወጥ «ሁለተኛው ምን አለ?» እንባባላለን።

«ሠንጠረዥ ሦስትን አልወደደውም።»

«ይኼ ሰውዬ እናት የለውም?» ትላለች መሰለች፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከፋችው አንዲት ነበረች፦ «በስልክ ብቻ የተሰጠ መልስ ምን ያህል ይታመናል?» ሲላስ ተቆጣ። እኔማ ከእሱ ብሼ ተቆጣሁ። ሕዝባችን ውሸታም ነው ማለቱ አይደል? መልሱን አብረን ጻፍነው። እንግሊዝኛው የሲላስ ነው፤ ሐሳቡ የኔ ነው፦ «የአካባቢው ኅብረተሰብ ስለ ጤናው በግልጽ የመናገር ባህል ያለው ነው።» ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በመጨረሻ «ተቀብለነዋል» የሚል መልስ መጣ። ይህ ለሲላስ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ረዳት ፕሮፌሰር ለመባል የቀረችው ያቺ አንዲት ጽሑፍ ነበረች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማራቸው ልጆች ማዕረግ ይዘው ሲመለሱ እየቆመ እጃቸውን ጨብጧል። የማዕረጉ ዝርዝር ደግሞ ሊወጣ የቀረው ሁለት ወር ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ደገስን። ባለቤቴ ስመኝ ክትፎና ቆጮ አቀረበች፤ መሰለችም ሻይ ቤቷን ዘግታ መጣች። ሲላስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቆሞ፣ የጽሑፉን ማጠቃለያ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን። «ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ታካሚዎች ቁስላቸው ያመረቀዘው ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ በመቶ!» አጨበጨብን። እሱም በደስታው «ምንም ካልሆኑት ሦስት መቶ ሦስቱ አንዱ ደግሞ ጋሼ ሀብቴ ናቸው!» አለና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

ስመኝ ቆጮውን መቁረስ አቆመች። «የቱ ሀብቴ? ይኼ የኔው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዴት ነው ምንም ያልሆነው? በአሥራ አንደኛው ቀን ካናቴራው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ በሞቀ ውኃ ነው ያላቀቅኩት! ሰፈር ያለው ክሊኒክ ሄዶ አይደል እንዴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠርጉለት የከረሙት?»

ዓይኔን ቆጮው ላይ ተከልኩ።

«ጋሼ» አለ ሲላስ ቀስ ብሎ፣ «በአሥራ አራተኛው ቀን ደውዬልዎት ነበር እኮ።»

«ደውለሃል።»

«ምን አሉኝ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩህ።»

«የት ሆነው?»

እውነቱን ከመናገር ሌላ መውጫ አልነበረኝም። «ክሊኒክ ተንጋልዬ። ነርሷ ፋሻውን እየቀየረችልኝ።»

ምን ላድርግ? እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ከሥራው ላይ ተነስቶ፣ በገዛ ካርዱ ደውሎ «ደህና ነህ?» ሲል «አይደለሁም» ይባላል? ሰላምታ በመግል ይመለሳል? ደግሞስ የቀደደኝ ሐኪም ምን በደለኝና ስሙን አጠፋለሁ? ይህንኑ ብዬ ተከራከርኩ። መሰለችም ደገፈችኝ፦ «እኔስ የእንቅርቴን ኦፕራሲዮን ጊዜ ምን ያልኩት ይመስላችኋል? ደህና ነኝ ነዋ! ታዲያ ነውር አይደለም?»

እኔን ለመርዳት ነበር የተናገረችው። እሷ ግን በመዝገቡ ላይ መቶ አርባኛ ነበረች።

ሲላስ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ ወረቀቱን አየ። እንደ ዘወትሩ በመቶ ስንት ብሎ አልጠየቀም። ክትፎውን ሳይነካ እጁን ታጥቦ ወጣ።

ጥናቱ ካለቀ ዓመት አልፎታል፤ ሲላስ ግን መደወሉን አላቆመም ነበር፣ ለምዶበት። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ በእጁ ያለው በቅርቡ የታከሙት ሰዎች መዝገብ ነበር። መጀመሪያ የደወለው ከገደብ ወዲያ ወዳለችው ገጠር፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው፤ ኤልቤቴል የምትባል፣ በኦፕራሲዮን ከወለደች አሥራ ስምንት ቀን የሆናት ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ ደውሎላት ሁለት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብላዋለች። አሁን ስልኩን ያነሱት አማቷ ናቸው።

«ኤልቤቴል? ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሲላስ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። «እናቴ፣ ልብሷን የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከቁስሉ ላይ ይጣበቃል?»

«ቁስል አይደል እንዴ! ይጣበቃል እንጂ። ሽታውም መጥፎ ነው።»

ጥፋቱ ከኔ ስለጀመረ አብሬው ሄድኩ። እስከ ገደብ በመኪና («አንድ ሰው የቀረው!» አሉ፤ ሲላስ ቃል አልተነፈሰም)፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር። ኤልቤቴልን ያገኘናት ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ነው፤ የአዝመራ ጊዜ ስለሆነ ሕፃኑን ለአያቱ ትታ ቡና ስትለቅም። ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል፤ አንድ እጇ የአልጋውን እንጨት ይዟል።

«ደህና ነሽ፣ ኤልቤቴል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ እንጨቱን ሳትለቅ።

«ምስጋናሽ ለእሱ ይድረሰው» አላት ሲላስ። «አሁን ደግሞ ለእኔ የሚያምሽን ንገሪኝ።»

ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አምቡላንስ አስመጣን። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ካጠበ በኋላ «ሌላ ሦስት ቀን ቢያድር ኖሮ እኔንም ባልፈለጋችሁኝ» አለ። ዛሬ ድናለች፤ ልጇም መሳቅ ጀምሯል።

ሲላስ ከዚያ ወዲያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ቤት እንደገና ጠየቀ። በዚህኛው ዙር ግን ታማሚውን ሳይሆን ልብስ የሚያጥበውን ነው። ዘጠኝ የነበረው ሠላሳ አንድ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቹ «ቁጥሩ ያማረ ነው፤ ተወው! ማን ያውቃል?» አሉት። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ማዕረጉ እስኪወጣ ብቻ ዝም እንዲል ለመንኩት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ዘጠኝ ነው ብዬ ከጻፍኩ ሐኪሙ ደህና ነኝ ሲባል ያምናል። ባንኮ ጎቲቲ ማን ይሄዳል?»

በዚያው ቀን «ጽሑፌን መልሱልኝ፤ ስህተት አለበት» ብሎ ለጆርናሉ ጻፈ። ሻይ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አስተካክሎ ሲልክላቸው የሁለተኛው ገምጋሚ መልስ መጣ፤ ሲላስ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «ይህን በራስ ላይ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። አከብርዎታለሁ። ሆኖም የሚከተሉትን አሥራ ሰባት ነጥቦች ያስተካክሉ።»

መሰለች ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እናትስ አለው» አለች። «ያሳደገው ግን ሌላ ሰው ነው።»

ባለፈው ሐሙስ የማዕረጉ ዝርዝር ተለጠፈ። የሲላስ ስም የለበትም። ጠዋት መስኮቱ ሥር አልመጣም፤ ፉል የሚበላው ሁሉ ማንም ሳያቋርጠው በላ። እናንተ ሰላም አገኛችሁ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ማንኪያዬን ይዤ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ፤ ለካ ያ ሁሉ የመግል ጩኸት ቁርሴ ሆኗል።

ቤት ገብቼ ደወልኩለት። ደወልኩለት ስላችሁ፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን እኔ ደውዬለት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚደውለው እሱ ነበር።

«ሲላስ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በመቶ ስንት?» አልኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

«አርባ» አለኝ።

ስመኝ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ጫማዬን ከአልጋ ሥር ስፈልግ ቀድማኝ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በእጇ አገልግል ነበር። «ክትፎ ነው፤ ያን እሑድ ሳይበላው ለሄደው ምትክ ያዝለት» አለችኝ።