የተዘጋው ኤስካሌተር ውለታ

ኤስካሌተር ላይ ቆሞ መውጣት እየቻለ በእግሩ ሽቅብ የሚራመድ ሰው አይገባኝም። ደረጃው ራሱ እየሄደልህ አንተን ምን አስቸኮለህ? እኔ ቀኙን ጠርዝ ይዤ፣ ሆዴን አስቀድሜ፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ወጣቱ ሁሉ በግራዬ እየታከከኝ ያልፋል። ይለፍ፤ ማን ከለከለው?

ቤቴ ስቶን ማውንቴን ነው። ሥራዬ ደግሞ መሀል አትላንታ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የግብዣ አዳራሽ ማሰናዳት ነው። ጠረጴዛ እዘረጋለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ። ጠዋት መኪናዬን ባቡር ጣቢያ ፓርክ አደርግና ተሳፍሬ ፒችትሪ ሴንተር ላይ እወርዳለሁ።

ይህን ጣቢያ ያላያችሁት ትኖራላችሁ። ከመሬት በታች ነው ስላችሁ አንድ ፎቅ ዝቅ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከነዚያ ሁሉ ሕንፃዎች ሥር አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ክላረንስ እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ጣቢያው ሲቆፈር ልጅ ነበር። አባቱ ጢም ሊላጭ ሲሄድ ይዞት ይሄድ ነበርና፣ ከሥር ፈንጂ ሲፈነዳ ወንበሩ ሁሉ ይርገፈገፋል። ፀጉር አስተካካዩ ታዲያ ምላጩን ከአባቱ ጉሮሮ ላይ ብድግ ያደርግና መሬቱ እስኪረጋ ይጠብቃል። ክላረንስ ይህን ባወራ ቁጥር የራሱን ጉሮሮ ይዳብሳል።

አለቱ ጠንካራ ስለሆነ ግድግዳውን አልሸፈኑትም፤ እንዳለ ተዉት። ዛሬም ባቡር ስትጠብቁ ፊት ለፊታችሁ ያለው ጥሬ ድንጋይ ነው። እኛ አገር አለት የፈለፈለ ንጉሥ ቅዱስ ተባለ። እዚህ ሰዉ ከሥሩ ቆሞ ስልኩን ያያል።

ከዚያ ጉድጓድ የሚያወጣው ኤስካሌተር ርዝመቱ የጉድ ነው። ታዲያ ብረትም ያረጃልና እድሳት መጣ። አንድ ጠዋት ስደርስ በኔ በኩል ያለው ታጥሯል። ‘ስለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ’ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኤሌቬተሩ ጋ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ተሰልፏል። የወዲያኛው መውጫ ከሆቴሌ ያርቀኛል። የቀረኝ ከአጥሩ ጎን ያለው፣ የማይንቀሳቀሰው ተራ ደረጃ ነው። ምን ላድርግ? ወጣሁት። ማንም አይሰማኝም ብዬ በአማርኛ እየተራገምኩ ወጣሁት። በማግስቱም እንዲሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አርፍጄ ስጣደፍ፣ ደረጃው መሀል ላይ ደረቴን አንዳች ነገር ጨመደደኝ። ግራ እጄ ከበደኝ፣ ላቤ በአንገቴ ወረደ። የደረጃውን ብረት ይዤ፣ “ኧረ እመቤቴ!” አልኩ።

ከፊቴ የነርስ ልብስ የለበሰች ልጅ ትወጣ ነበር፤ ዞር አለች። ሶልያና ትባላለች፤ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት።

“ጋሼ፣ ኦኬ ነህ?”

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ እኔ ግን ‘አንተ’ መባሌ ቆረቆረኝ። ምንም አይደል፣ ጨጓራዬ ነው አልኳት። የኛ ሰው ሌላ በሽታ መቼ ያውቃል? ልቡንም ቢያመው ጨጓራ ነው። እኔም ደረቴ ላይ የሚሰማኝን ማቃጠል ለወራት በተልባ ሳባብለው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለኔ ነው።

“ጨጓራ አይደለም። ተቀመጥ። ላይክ፣ አሁን።”

ተቀመጥኩ። አምቡላንስ ጠራች፣ አስፕሪን አስኘከችኝ፣ ክራባቴን አላላችልኝ፣ የእጄን ትርታ ይዛ አጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከሥራ ታረፍጃለሽ ብላት የኔ ሥራ ይሄው ነው አለችኝ።

ሞት ሲመጣ ሰው ትልቅ ነገር የሚያስብ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያሰብኩት፣ መኪናው የት ፓርክ እንደተደረገ ሚስቴ ጥሩነሽ እንደማታውቅ ነው። እሱን ንገሪልኝ ብዬ ለመንኳት። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

“ራስህ ትነግራታለህ” አለች።

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሆስፒታል ስደርስ ከልብ ደም ስሮቼ አንዱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተው ከፈቱት። ሐኪሙ ምን ስትሠራ አመመህ ሲለኝ ታሪኩን ነገርኩት። በኤስካሌተሩ ቆመህ ብትወጣ ኖሮ ልብህ ሳይቸገር ነገሩን ደብቆ ይቆይ ነበር፤ የምታውቀውም ምናልባት ከረፈደ በኋላ ነው አለኝ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ አይደል? ስረግመው የከረምኩት አጥር ነው ያተረፈኝ። የኔ እድሳትም ከጣቢያው ቀድሞ አለቀ።

ጥሩነሽ ቅዱስ ሚካኤልን አመሰገነች፣ ሐኪሙን አመሰገነች፣ ሶልያናን ግን አቅፋ ለቀቅ አላደርግ አለቻት። አሁን ልጄ ነው የምትላት። ለታላቅ ሰው ‘አንቱ’ እንደሚባልም ልታስተምራት ትሞክራለች። ልጅቷ እሺ ትልና ወዲያው “ጋሼ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?” ትለኛለች። ተያት አልኩ። በ‘አንተ’ አይደል እንዴ ያዳነችኝ?

ወደ ሥራ ስመለስ አጥሩ እንዳለ ነው። አንድ እጁ በግራሶ የተለወሰ መካኒክ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሳንዱች ይበላል። የሚያልፈው ሁሉ እያጉረመረመ ያልፋል። ቀረብ ብዬ፣ ኤስካሌተሩን ስለዘጋህልኝ አመሰግናለሁ አልኩት። የማሾፍበት መሰለው፤ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ቶሎ ለመጨረስ እየሞከርን ነው አለኝ።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሳንዱቹን አስቀመጠ። ስጨርስ እጁን በሱሪው ደህና አድርጎ ጠረገና ዘረጋልኝ፤ ተጨባበጥን። አጥሩን በአገጩ እያመለከተ፣

“ይሄኛው ሊያልቅ ነው” አለኝ። “ቀጥሎ የወዲያኛውን እንዘጋለን። የምታስብለት ሰው ካለ ንገረው።”

ለካ የማስብለት ሰው አለኝ። ኮሌጅ ፓርክ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ፤ የኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ መሪ ጨብጦ እንደተቀመጠ ይውላል። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

“እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሀል ከተማ ና” አልኩት፣ “ደረጃ ልጋብዝህ።”