ኮርኒስ ላይ ያበራሁት ባትሪ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። የቀራችሁት ደግሞ ስክሪንሾት ታነሳላችሁ።

ይሁን፣ ልናገር።

ያቺን ሚጢጢ ኤልኢዲ ባትሪ ታስታውሷታላችሁ አይደል? ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጠውን? ሳምንት ሙሉ ኪሴ ይዣት ዞሬ እፈትናታለሁ ብያችሁ ነበር። ፈትኛታለሁ። ቻርጇ ይቆያል፣ ኪስ አትጎትትም፣ ሁለቴ ወድቃብኝ ምንም አልሆነችም። ብርሃኗ አጥር አልፎ የጎረቤት ድመት ያባርራል።

ሪቪው እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

እኔ ግን ባትሪ እጄ ሲገባ ሰው አልሆንም። በሽታው የጀመረኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አጠገብ በነበረው ግቢያችን።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴ ባቡር ሠራተኛ ነው። ጎረቤታችን ኤዶ ሃሊማ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅ እያስመጣች ትነግዳለች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ለእኔ ከአክስትም በላይ ነበረች። አማርኛ ታወራለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ ከቀበሌ ለሚመጣላት ወረቀት ሁሉ አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ለዚህ ብላ አንድ ቀን ከጅቡቲ የመጣች ትንሽ የእጅ ባትሪ ሰጠችኝ።

ልጆች፣ የዚያን ጊዜ ባትሪ አታውቁትም። ሦስት ድንጋይ የሚጎርስ፣ ክንድ የሚያክል ቆርቆሮ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ደግሞ ይሞታል። የኔዋ ግን በሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ነጭ ብርሃን ትረጫለች! ጉድጓድ ውስጥ አበራሁ። ዶሮ ቤት ውስጥ አበራሁ። የእናቴን ጉሮሮ ሳልጠየቅ መረመርኩ።

አባቴ «በጠራራ ፀሐይ ባትሪ የሚያበራ ሰው ጤነኛ ነው?» አለ።

ጤነኛ አልነበርኩም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፊናንስ መጣ። ፊናንስ ያኔ ኮንትሮባንድ ያዡ ፖሊስ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሰፈሩ በሙሉ ይደርቃል። ኤዶ ሃሊማን ሊፈትሽ ነው። ቤት ሲፈተሽ ደግሞ ጎረቤት እማኝ ይቆማል። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ተጠራሁ።

ዕቃው የት እንዳለ አውቃለሁ። ኮርኒሱ ላይ ነው። የልጇ የዘህራ ሰርግ ደርሷል፤ ተሽጦ የድግሱን ወጪ የሚችለው ሽቲ የሚባለው ስስ ጨርቅም፣ ዘህራ የምትለብሰው የሙሽራ ልብስም እዚያ ላይ ነው። ሲሰቀል መሰላሉን የያዝኩት እኔው ነኝ።

ፊናንሱ ወንበር ላይ ወጣ፣ የኮርኒሱን ክዳን ገፋ፣ ያንን ረጅም ባትሪውን አበራ። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ከአፍንጫው አያልፍም። መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። ድንጋዩን አውጥቶ፣ አገላብጦ መለሰው። ወይ ፍንክች።

«ምንም አይታይም» አለና ሊወርድ አንድ እግሩን ዘረጋ። ኤዶ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ አልሃምዱሊላህ እያለች ነው።

እኔ ምን እያሰብኩ ነበር? ስለ ድንጋዩ።

«ጓድ፣ የእርስዎ ድንጋዩ ደክሟል። እስቲ ይቺን ይሞክሯት።»

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ያውም በአንቱታ! ለኤዶ እንኳ ብዬ የማላውቀውን አንቱታ።

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ወጥቼ ቁልፏን ራሴ ተጫንኩለት። ብርሃኗ ኮርኒሱን አቋርጦ መጨረሻው ጥግ ደረሰ። የሽቲው ጥቅል፣ ከጎኑ የዘህራ ልብስ፣ ጥልፉ እያብለጨለጨ። ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። «ጥግ ድረስ ትደርሳለች!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ዞር ስል ኤዶን አየኋት። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች።

ፊናንሱ ባትሪዋን አገላብጦ አየና «ይቺስ ከየት መጣች?» አለኝ። እሷም ኮንትሮባንድ መሆኗ ገና ያኔ ትዝ አለኝ።

«የኔ ናት» አለች ኤዶ። «ልጁ ከቤቴ አንስቷት ነው። ከዕቃው ጋር ጻፋት።»

ዕቃውን ወሰዱ፣ ባትሪዋን ወሰዱ፣ ኤዶንም ወሰዱ። ስትመለስ ሳምንት አልፏታል። ሰርጉ ተራዘመ፤ በኋላም ዘህራ በውሰት ልብስ ተዳረች። እኔ በዚያ ሳምንት የምወጣው በጓሮ ነበር።

ኤዶ በተፈታች ማግስት አስጠራችኝ። በቃ፣ ስድቤን ልጠጣ ነው ብዬ ሄድኩ። ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«አንብብልኝ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

የተያዘባት ዕቃ ዝርዝር ነው። አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ ሽቲውን፣ የሙሽራ ልብሱን። መጨረሻው ላይ «አነስተኛ የእጅ ባትሪ፣ አንድ» ይላል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ሂድ ምሳህን ብላ» አለችኝ።

ሄጄ በላሁ። ደርግ ወደቀ፣ እኔ ሸበትኩ፣ ይቅርታዋ እስካሁን አፌ ውስጥ ናት።

ዛሬ ታዲያ ቆርጬ ተነሳሁ። አዲሷን ባትሪ ስጦታ አድርጌ፣ በባጃጅ ኤዶ ሃሊማ ቤት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፤ ከዘህራና ከዘህራ የልጅ ልጆች ጋር ነው የምትኖረው። እቅዴ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ስጦታ ነበር። ስደርስ ግን መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጨለም ብሏል። ለባትሪ እንዲህ ያለ ዕድል የት ይገኛል?

«ኤዶ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ፣ ጥግ ድረስ ትደርሳለች» ብዬ ኮርኒሱ ላይ አበራኋት።

ያንኑ ቃል። ኮርኒስ ላይ።

ዘህራ ኮርኒሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ዋሪያ» አለች ኤዶ፣ አንተ ልጅ ማለቷ ነው፣ «ዛሬስ ማንን ይዘህ መጣህ?»

ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ታሪኩን ሁሉም ያውቁታል ለካ። እዚያ ቤት ስሜ «ባትሪው» ነው።

«ኤዶ፣ ያኔ እኮ...» ስል ባትሪዋን ከእጄ ወሰደችና በጣቷ ዳበሰቻት።

«አነስተኛ የእጅ ባትሪ፣ አንድ» አለች። ካነበብኩላት ወረቀት፣ ቃል በቃል። «ይቺ ተመለሰች። የዘህራ ልብስስ?»

ልጆቹ ደግመው ሳቁ። ዘህራ አልሳቀችም።

ይኸው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እየጻፍኩላችሁ ነው። ለባትሪዋ አስር ከአስር ሰጥቻለሁ። ይቅርታዋን ግን ዛሬም ሳልላት ወጣሁ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ አሁን አያት ለሆነች ሴት የሙሽራ ልብስ ይዞ የሚገባ ሰው በሩ ላይ ምን ብሎ ይጀምራል?