ችኩሉ በሽተኛና ግትሮቹ ሴሎች

(ከጽኑ ወባ ገና ቀና ያለ ጫማ ሰፊ የሆስፒታል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ እሱም አይክድም። አጠገቡ፣ ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው የሚስቱ ወንድም ቆሟል።)

ጫማ ሰፊው: ይሄ የግራው ጫማ ነው፤ የቀኙን ስጠኝ አልኩህ!

አማቹ: ጋሼ፣ ዶክተሯ ከአልጋ እንዳትወርድ ብላለች።

ጫማ ሰፊው: ትኩሳቱ ለቆኛል፣ ወባዋ ሞታለች። ለቀብሯ ልቆይ?

አማቹ: ቀይ የደም ሴሎቹ ገና ግትር ናቸው አለች እኮ። ግትር ሲሆኑ ምን ይሆናል? አልገባኝም።

ጫማ ሰፊው: (ሰው ሲጠይቀው ደስታውን አይችለውም። ጫማውን አስቀመጠ።) መቼ ገብቶህ ያውቃል! ጤነኛ ሴል እንደለፋ ቆዳ ነው። ጠባብ የደም ስር ሲያጋጥመው እጥፍ ብሎ ሾልኮ ያልፋል። ወባ ስትገባበት ግን ይደርቃል።

አማቹ: የገባችበት ብቻ?

ጫማ ሰፊው: ያልገባችበትም።

አማቹ: እሱ ደግሞ ምን አጠፋ?

ጫማ ሰፊው: ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ሲባል አልሰማህም?

አማቹ: ታዲያ የደረቀው በሌላ መንገድ ይዙራ።

ጫማ ሰፊው: የደም ስር አደባባይ መሰለህ? ይወተፋል! ከኋላው ያለውም ይቆማል።

አማቹ: ይቁማ። ምን ቸገረው?

ጫማ ሰፊው: አየር የሚያደርሰው እሱ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! እሱ ከቆመ አንጎል ይታፈናል፣ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ሴሎቹ በደረቁ ቁጥር ለሞት ያሰጋል።

አማቹ: ለማን?

ጫማ ሰፊው: ለበሽተኛው ነዋ!

አማቹ: በሽተኛው ማነው?

ጫማ ሰፊው: (ክንዱ ላይ የተሰካውን ግሉኮስ አየ።) ...እኔ።

አማቹ: ወባዋ ሞታለች አላልክም?

ጫማ ሰፊው: ብትሞትስ! የደረቁት በአንዴ አይለሰልሱም። (እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ብርድ ልብሱ መለሰ።) ቆይ... ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው ጫማ አምጣ የምለው? እኔስ የለየልኝ ቂል ነኝ። በል፣ አሁን ገባህ?

አማቹ: ጠዋትም ገብቶኝ ነበር።

ጫማ ሰፊው: ምን?

አማቹ: ዶክተሯ ለሁለታችንም አንድ ባንድ አስረድታናለች። አንተ ግን እሷንም፣ ነርሷንም፣ እህቴንም እንቢ አልክ። እህቴ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አላስቻለኝም። ትሞትብናለህ ብዬ ፈራሁ።

ጫማ ሰፊው: ታዲያ አንተ አትነግረኝም?

አማቹ: ጋሼ፣ ከራስህ በቀር የማንን ምክር ሰምተህ ታውቃለህ? ራስህን በራስህ አስመከርኩህ።

ጫማ ሰፊው: (ተጋደመና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።) መሞኘቱንስ ተሞኘሁ። ግን... ሳስረዳ እንዴት ነበርኩ?