የወጣው መጽሐፍ

እናንተዬ፣ ለነፃ ነገር ዘበኛ ሲቆምለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመቀሌ ቤተ መጻሕፍቶች የቅጂ መብታቸው ያበቃ የድሮ መጻሕፍትን በኮምፒውተር እየተላላኩ ለማንም በነፃ ሊሰጡ ተስማሙ ተባለ። ንቦቼ ቀፎ እየለቀቁ አስቸግረውኝ ስለነበር፣ የንብ እርባታ መጽሐፍ ልገለብጥ ፍላሼን ይዤ ሓድነት ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

ኃላፊው አቶ ሐጎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወጥቷል፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ለቁሓው ቤተ መጻሕፍት ልኬዋለሁ፤ ሲመልሱ ትወስዳለህ።"

"ይኸው ስክሪኑ ላይ አለ እኮ!"

"አለ። ግን ወጥቷል።"

በሚኒባስ ቁሓ ደረስኩ። የዚያኛዋ ኃላፊ አዘነችልኝ። "የሰው ንብረት ነው ብለን ሳንከፍት መልሰን ላክነው።"

ሓድነት ተመለስኩ። አቶ ሐጎስ ተክዘዋል።

"መጥቷል፣ ግን ሁለት ሆነብኝ። የእኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጣራ ሁለቱንም ቆልፌባቸዋለሁ።"

ቤቴ ስገባ ቀፎው ባዶ ነው። ምነው ንቦቼንም ለአቶ ሐጎስ አደራ በሰጠኋቸው ኖሮ!