ጫማ ያስወለቀው ካርቶን

የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት የሰነበተ ሰው ከዚያ ወዲያ የማያውቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። የሞጣው ሊፍት አይቶ የተመለሰ ነው፤ እስከ ዛሬ ደረጃ በወጣ ቁጥር ይተክዛል ይባላል። የእኛ የቢቸናው ግን ይበልጣል። ክቡር መምህር ደምለው ኮምፒዩተር አይተዋል።

መምህር ደምለው የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪና የእኔ ጎረቤት ናቸው። ኮምፒዩተሩን ያዩት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለሥልጠና ተልከው በሄዱ ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት አሻግረው ነው። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢያዩት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለአማርኛ አስተማሪነት ቢቸና ስመደብ ግን ያን አምስት ደቂቃ ገና አውርተው አልጨረሱም ነበር። የተጠራጠራቸው ሰው ካለ መልሳቸው አንድ ነው። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ይላሉ፤ አለቀ።

«ለመሆኑ ምን ይበላል?» አሏቸው አንድ ቀን ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ጠላ ቤታቸው ተቀምጠን።

«መብራት ነው የሚበላው።»

«የእኛ መብራት በሁለት ቀን አንዴ አይደል የሚመጣው? እንግዲያ እዚህ ከመጣ መመንኮሱ ነው።»

ጠላ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። መምህር ደምለው አልሳቁም። «እኔ አርባ ዓመት ሞልቶኝ አይቼው ደነገጥሁ» አሉ። «እነዚያ ሕፃናት ከአሁኑ ይልመዱት። ሲመጣ አይደንግጡ።»

እናም ሠሩት። አካሉ የወተት ዱቄት ካርቶን ነው። ፊቱ ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት ነው። የሚነካካው ፊደል ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ ሲሆን፣ ከሀ እስከ ፐ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱም ሳይቀር ሳንቃ ላይ ተመቷል። ቆርኪው እስኪሞላ የከተማው ቡና ቤቶች ሁለት ወር ተለምነዋል። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች በስንደዶ እየነኩ «ሀ ሁ ሂ» ሲሉበት የሰማ ሰው ደብረ ወርቅ የኔታ ፊት የተቀመጠ ይመስለዋል።

መምህር ደምለው ያዩትን አያጓድሉም። ባዩት ቤት ኮምፒዩተሩ አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ የባለቤታቸውን ነጠላ ለበሰ። የሚገቡት ሰዎች ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ስለዚህ ልጆቹም ኮንጎ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ እያወለቁ ይገቡ ጀመር። ያስተማሯቸው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ጨመሩት። የቢቸና ልጅ ጫማ ከተወለቀ በኋላ ምን እንደሚከተል ነጋሪ አያሻውም፤ መቃኑን ይስማል፣ በነጭ ጨርቅ ወደተሸፈነው ነገር እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ይገባል።

ከክፍለ ሀገር የመጡት ካድሬ፣ ጓድ ቢሆነኝ፣ የደረሱት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። እኔ ጠመኔ ልዋስ ሄጄ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጓድ ቢሆነኝ የተደረደረውን ጫማ አዩ፤ የሚሳመውን መቃን አዩ፤ ነጠላ የለበሰውን ነገር አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«በመንግሥት ክፍል ውስጥ ታቦት አስገብተሃል?»

«ኮምፒዩተር ነው ጓድ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።»

ጓድ ቢሆነኝ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ፊት የቆመችው የቄሱ ልጅ ወለተ ሐና ነበረች፤ አምስት ዓመቷ ነው።

«ጫማሽን ለምን አወለቅሽ?»

«አቧራ አይወድም።»

«መቃኑንስ ለምን ሳምሽ?»

አዘነችላቸው። «ጫማ ከተወለቀማ ይሳማል» አለች። ቀጥላም እግራቸውን አየችና «እርስዎም ያውልቁ እንጂ» አለቻቸው።

«ይህ ክፍል ከነገ ጀምሮ ይዘጋል» አሉ ጓድ ቢሆነኝ ለመምህሩ። «የአንተን ነገር ደግሞ ለብቻ እናየዋለን።» በዚያን ጊዜ ለብቻ የሚታይ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። መምህር ደምለው ነጠላውን ከካርቶኑ ላይ አንስተው፣ ፍርድ የሚጠብቁ ሳይመስሉ ያጥፉት ጀመር።

ጓድ ቢሆነኝ ድንገት እኔን አዩኝ። «አንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረስህ ነህ። ኮምፒዩተር ያለበት ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል?»

እኔ አራት ዓመት ሙሉ ግጥም ነው ያነበብሁት። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በሥዕል እንኳ አላየሁም። መምህር ደምለው ግን እንድዋሽላቸው አልተማጸኑኝም፤ አልጠቀሱኝምም። ያዩትን ያዩ ሰው ናቸውና እኔም ያየሁ መስሏቸው በእርጋታ ይጠብቁኛል።

«ይወለቃል» አልሁ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ጓድ ቢሆነኝ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። ከቴክኖሎጂ ኋላ የቀረ ካድሬ መባል አልፈለጉም መሰለኝ። በካልሲያቸው ገብተው ወለተ ሐና ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ቆርኪ እየነካች ስታነበንበው ሰሙ። ሲወጡ «ፊደሉ ይቀጥል፣ መሳሙ ይቅር» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። መምህር ደምለውም ነጠላውን መልሰው አለበሱት።

እኔ ግን በሐሰት የመሰከርሁ ሰው ሆኜ ከረምሁ። ክረምቱ ሲገባ አዲስ አበባ ወርጄ፣ እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬን ለምኜ፣ መምህር ደምለው ኮምፒዩተሩን ወዳዩበት መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር አለ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ዘበኛው ዞር እስኪል ጠበቅሁና መቃኑን ሳምሁ።