ቁመቴን ያልደመርኩበት ባሕር ዛፍ

ዛሬ ያዋረደኝ ሰው ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ያዋረደኝ ግን ባሕር ዛፍ ነው!

አዎ፣ ዛፍ። ያውም ቆሞ ሳይሆን ወድቆ።

የሒሳብ ቲቸራችን ዘንድሮ “የወረቀት ፈተና ብቻውን በቃኝ፤ የተማራችሁትን ሠርታችሁ አሳዩኝ” ብሎ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለዴስክ መጠገኛ ግቢ ውስጥ ያለውን ትልቁን ባሕር ዛፍ ሊያስቆርጥ ነበር። በአንድ በኩል ክፍሎቹ፣ በሌላ በኩል የመብራት ሽቦ ስላለ፣ ዛፉ መውደቅ የሚችለው ወደ ጥበቃው ቤት ብቻ ነው።

የእኛ ግሩፕ ፕራክቲካል፦ ዛፉ ሳይቆረጥ ቁመቱን ለክቶ፣ ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ችካል መትከል።

የግሩፑ መሪ እኔ። ትሪጎኖሜትሪ ላይ እኔን የሚነካ አለ? የለም! ፕሮትራክተር ላይ ክርና ጠጠር አንጠልጥዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የዛፉን ጫፍ አነጣጥሬ አንግሉን አነበብኩ። ርቀቱን በታንጀንት አባዛሁ። ችካሌን ተከልኩ። ከችካሌ እስከ ጥበቃው ቤት በራፍ ትንሽ ቦታ ይተርፋል።

ጥበቃችን ጋሽ ምሕረቴ ሬዲዮናቸውን በራፉ ላይ፣ ባለ ሦስት እግር ዱካቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ቲቸር ሁላችንንም ከዛፉ ሲያርቀን እሳቸውም ተነሡ።

“የኔ ልጅ፣ ይችን ሬዲዮ ላንሣት?” አሉኝ።

“ግድ የለም ጋሼ፣ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው።”

አፌን የሚይዝልኝ አንድ ዘመድ እንዴት ይጠፋል?

ዛፉ ተገዝግዞ፣ ተንቋቅቶ ወደቀ። ችካሌን አልፎ ሄደ! ጫፉ ዱካውን ገለበጠ፣ ሬዲዮዋ ቅጠል ውስጥ ገባች። ዜና ያነብ የነበረው ሰውዬ ቃሉን ሳይጨርስ ዝም አለ።

ከዚያ ምን ብል ጥሩ ነው? “ንፋስ ገፍቶት ነው!” የምንኖርበት ከተማ ስሙ ራሱ ንፋስ መውጫ አይደል!

ቲቸር “ንፋስ ዛፍ ያስረዝማል?” አለኝ።

ከኋላ አንዱ “ዝናብ ከጨመረበት” አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

ቲቸር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር! ከችካሌ እስከ ዛፉ ጫፍ ያለውን በገመድ አስለካን። ያንኑ ገመድ ከእግሬ ሥር ጀምሮ ሽቅብ ወጠረው። የት ቢደርስ ጥሩ ነው?

ልክ ዓይኔ ላይ!

አንግሉን የለካሁት ከዓይኔ እንጂ ከመሬት አልነበረማ። የራሴን ቁመት አልደመርኩም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ “ዛፍ ለክታ ራሷን የረሳች” ሆኗል።

ጋሽ ምሕረቴ ቅጠሉን እየገለጡ “ሒሳቡስ ተርፏል፤ የሞተችው ሬዲዮዬ ናት” አሉ።

ግን ስሙኝማ፣ ይሄ ግፍ አይደለም? መጽሐፉ ውስጥ የሚለካው ሰውዬ እኮ ሁልጊዜ ነጥብ ነው! እግር የለው፣ ወገብ የለው! በወረቀት ፈተና ቢሆን መቶ ከመቶ እደፍነው ነበር። የሰው ዓይን መሬት ላይ እንደማይበቅል ማን ነገረኝ? የሚያናድደው ደግሞ፣ አሁን እስክሞት አልረሳውም።

ወሬውስ! እማዬ ወዳለችበት ወገዳ የሚሄደው መኪና ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ወሬው እሷ ጋ ደርሷል። ደውላ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ “ትምህርት ቤት አፈረሰች የሚሉት እውነት ነው?”

ቲቸር ግማሽ ማርክ ሰጠኝ። ቀሪውን እንዴት ላግኝ ብዬ ስለማመጥ፣ ዳር ቆሞ ሲስቅብኝ የነበረው የፊዚክስ ቲቸር ጣልቃ ገባ። ግሩፓችን ሬዲዮዋን ከፍቶ ይጠግን፤ ከተናገረች ለፊዚክስም ለሒሳብም ይያዝላቸው አለ። ሁለቱ ተስማሙ።

እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ጋሽ ምሕረቴ በረርኩ! ሬዲዮዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው ታቅፈዋል። ነገሩን አስረዳኋቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ ጋቢውን ጠበቅ አደረጉት።

“ልጄ፣ የምትነሣ አይመስለኝም” አሉኝ። “ቢሆንም አስከሬኗን አልሰጥሽም።”

ግማሽ ማርኬ ጋቢ ውስጥ ታቅፎ ተቀምጧል!

እስቲ ፍረዱኝ፦ እናንተ ብትሆኑ ትሰጡኝ ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ብሆንስ ለእኔ እሰጣለሁ?